የሮቦት ክበባችን የዕቃና የገንዘብ መዝገብ

የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሮቦቲክስ ክበቡን ማገዝ ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ስለ ክበቡ የሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ማወቅ የሚፈልጉት ሮቦቱ ምን እንደሚሠራ፣ ልጆቹ በየትኛው የኮምፒውተር ቋንቋ እንደሚጽፉና በውድድር ስንተኛ እንደወጣን ነው። ዕቃውን ማን እንደሚይዘው፣ ገንዘቡ ከየት መጥቶ የት እንደሚገባ የጠየቀኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። እኔ ግን እስካሁን ባየሁት ቡድናችን ሲሳካለትም ሲሰናከልም መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የዕቃ ሳጥኑና የገንዘብ መዝገቡ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ መዝገብ፣ በተለይም መዝገቡን መያዝ የተማሪዎቹ ሥራ መሆን አለበት ብዬ ስለማምንበት ምክንያት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት መዝገብ የሚባል ነገር አልነበረንም። ገንዘቡ በእኔ መሳቢያ ውስጥ በአንድ ፖስታ ይቀመጥ ነበር፤ ዕቃው ደግሞ በቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ሥር በሁለት ካርቶን ታጭቆ ይኖር ነበር። አንድ ነገር ሲያስፈልግ ካርቶኑን እናምሳለን፤ ካጣነው መርካቶ ወርደን እንገዛለን። በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ፣ ሰኔ ላይ፣ ቤተ ሙከራው ቀለም ሊቀባ ስለነበር ካርቶኖቹን ወለሉ ላይ ዘረገፍናቸው። ኤል 298 ኤን የሚባለው የሞተር መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ከነማሸጊያው አምስት ተገኘ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ይኸው ሰሌዳ ተቃጥሎብን፣ መለዋወጫ የለንም ብለን፣ ለጎማ መግዣ ካስቀመጥነው ገንዘብ ላይ ሦስት ገዝተን ነበር። ጎማው ሳይገዛ በመቅረቱም ሮቦታችን የወለቀ ጎማውን በማጣበቂያ አስሮ ለውድድር ቀርቦ በሁለተኛው ዙር ወደቀ። ልጆቹ ወለሉ ላይ ተንበርክከው አምስቱን ሰሌዳዎች በተርታ ሲደረድሩ በክፍሉ የሰፈነውን ዝምታ እስካሁን አልረሳውም። ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ አጠረን እያልን የከረምነው ያለንን ሳናውቅ ነበር።

በዚያ ክረምት ወደ ትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ሄጄ፣ ለብዙ ዓመታት ዕቃ ሲያስገቡና ሲያስወጡ የኖሩትን ሠራተኛ ምክር ጠየቅኋቸው። ካርቶኖቹን መጥተው አዩና፣ «መምህር፣ ይኼ እኮ የእርስዎም የልጆቹም ጥፋት አይደለም፤ ማን ተረክቦት ነው የሚጠየቀው?» አሉኝ። ከዚያም እያንዳንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚያውቃቸውን ቅጾች አንድ በአንድ አስረዱኝ፤ ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ ፈላጊው በሞዴል 20 ይጠይቃል፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፣ በመደርደሪያው ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዓይነት ዕቃ ገቢው፣ ወጪውና ቀሪው የሚጻፍበት ቢን ካርድ ይንጠለጠላል። እኔ እነዚህን ቅጾች ለዓመታት እንደ ቢሮክራሲ ማየት ለምጄ ነበር፤ ጠመኔ ለማውጣት ሦስት ፊርማ ሲጠየቅ የማይማረር መምህር የለምና። የሴትየዋን ማብራሪያ ሰምቼ ስወጣ ግን የቅጾቹ ሐሳብ ለአሥራ አራት ተማሪዎችና ለሁለት ካርቶን ዕቃም እንደሚሠራ ገብቶኝ ነበር።

ቅጾቹን እንዳሉ አልወሰድናቸውም። አንድ ባለ ጠንካራ ሽፋን መዝገብ ገዝተን በግራው ገጽ ገቢ፣ በቀኙ ገጽ ወጪ እንዲጻፍ አደረግን፤ እያንዳንዱ ተራም ቀን፣ የዕቃው ስም፣ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋ፣ የወሰደው ልጅ ስምና ፊርማ እንዲኖረው ወሰንን። ያስቸገረን የዕቃው አመዳደብ ነበር። በንብረት አያያዝ ደንብ ዕቃ ወይ ቋሚ ነው ወይ አላቂ ነው። መልቲሜትር፣ ሶልደር ማድረጊያና ፒንሳ ቋሚ መሆናቸው ግልጽ ነው፤ ሽቦ፣ ማጣበቂያና የሶልደር ቆርቆሮም አላቂ ናቸው። ነገር ግን ሞተሩስ? የሮቦቱን ፕሮግራም የሚያሄደው አርዱዊኖ ሰሌዳስ? በአልትራሳውንድ ርቀት የሚለካው ሴንሰርስ? እነዚህ ሮቦቱ ላይ ሲገጠሙ ወጪ ይሆናሉ፣ ሮቦቱ ሲፈታ ደግሞ ይመለሳሉ። አላቂ ብለን ስንመዘግባቸው ከመዝገቡ ይጠፋሉ፤ ቋሚ ስንላቸው ደግሞ መደርደሪያው ላይ የሌለ ዕቃ ያለ ይመስላል። ስለዚህ «ተመላሽ» የሚል ሦስተኛ መደብ ራሳችን አወጣን። ተመላሽ ዕቃ የሚወጣው በልጅ ስም ሳይሆን በሮቦት ስም ነው፤ ለእያንዳንዱ ሮቦት በመዝገቡ ውስጥ አንድ ገጽ አለው፣ በላዩ ላይ የተገጠመው ሁሉ በዚያ ገጽ ላይ ይቆጠራል። ይህ አንድ ገጽ በኋላ ከሁሉም በላይ የጠቀመን ነገር ሆነ፤ ምክንያቱም ማንኛውንም ሮቦት ገልጠን ስናይ ስንት ብር እንደፈጀ ወዲያውኑ ስለምናውቅ ነው።

በአሜሪካ ዲን ኬመን እ.ኤ.አ. በ1989 የመሠረተው ፈርስት የተባለው ድርጅት በሚያካሂደው ትልቁ የተማሪዎች የሮቦት ውድድር፣ ቡድኖች የሮቦታቸውን ዕቃ ዝርዝር ከነዋጋው አዘጋጅተው ለፍተሻ እንዲያቀርቡ ለብዙ ዓመታት ይጠየቁ እንደነበር ያነበብኩት የእኛን ገጽ መሥራት ከጀመርን በኋላ ነው። ሥራው ለእኛ ብቻ አስፈላጊ አለመሆኑን በማወቄ ተደስቻለሁ።

ስለ ማስቀመጫው ብዙ የምለው የለም፤ ለብሎንና ለትናንሽ ዕቃዎች የሚሆን ባለ መሳቢያ ሳጥን ውድ ሆኖ ስላገኘነው ባለ 30 ጉድጓድ የእንቁላል መያዣ ካርቶን እንጠቀማለን፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ቁጥር አለው፣ ቁጥሩም ከቢን ካርዱ ጋር ይገናኛል። ብሎን መቁጠር ጊዜ ሲፈጅብን ግን ዘዴ አገኘን። ሁለት ትናንሽ ሮቦቶች አንዱ ሌላውን ከመድረክ ገፍቶ ለማስወጣት በሚታገሉበት በሚኒ ሱሞ ውድድር የሮቦቱ ክብደት ከ500 ግራም፣ የወለል ስፋቱም ከ10 በ10 ሴንቲሜትር መብለጥ ስለሌለበት፣ እስከ ግራም አንድ አሥረኛ ድረስ የሚለካ ትንሽ ሚዛን ገዝተን ነበር። ያንኑ ሚዛን ይዘን አሥር ኤም 3 ብሎኖችን እንመዝናለን፣ ከዚያ ሙሉውን ክምር መዝነን እናካፍላለን። ሁለት መቶ ብሎን በአንድ ደቂቃ ተቆጠረ ማለት ነው። ልጆቹ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የተማሩት ማካፈልና አማካይ እንዲህ ሲሠራ በማየታቸው የነበራቸውን ደስታ ለመምህራን ባልደረቦቼ ደጋግሜ አውርቻለሁ።

ይኸው ሚዛን ከአንድ ከባድ ኪሳራም አድኖናል። ባትሪ የቡድናችን ትልቁ ተደጋጋሚ ወጪ ነው። የምንጠቀምበት 18650 የሚባለውን ሊቲየም ባትሪ ሲሆን፣ ስሙ 18 ሚሊሜትር ውፍረቱንና 65 ሚሊሜትር ርዝመቱን ይነግራል፤ ሁለቱን በተከታታይ ስናገናኝ 7.4 ቮልት እናገኛለን። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሱቅ ውስጥ «9,900 ሚሊአምፔር ሰዓት» ይይዛሉ የሚል የአቅም ጽሑፍ የታተመባቸው ባትሪዎች ከሌሎቹ ባነሰ ዋጋ አገኘንና ስምንት ገዛን። ሮቦቱ ላይ ስንገጥማቸው በአንድ ልምምድ መሃል ይደክሙ ጀመር። መጀመሪያ የፕሮግራም ስሕተት መሰለንና ሁለት ሳምንት ሙሉ ኮዱን ስናገላብጥ ከረምን። በኋላ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አንዱን ባትሪ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው፤ 33 ግራም አነበበ። ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ አውጥተን ካስቀመጥናቸው መካከል አንዱን ደግሞ አስቀመጠች፤ 46 ግራም ሆነ። «ቲቸር፣ የበለጠ ይይዛል የተባለው እንዴት ቀለለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፈተናውን በሥርዓቱ አካሄድነው። ሙሉ በሙሉ ቻርጅ የተደረገውን ባትሪ በ10 ኦም ባለ 5 ዋት ሬዚስተር ላይ አገናኝተን፣ ቮልቴጁ ከ4.2 ተነሥቶ እስከ 3.0 ሲወርድ በየአሥር ደቂቃው መዘገብን። አማካይ ቮልቴጁን 3.6 ብንይዝ የሚፈሰው ከረንት 0.36 አምፔር ይሆናል፤ በባትሪው ላይ የተጻፈው እውነት ቢሆን ኖሮ ከ27 ሰዓት በላይ መቆየት ነበረበት። የቆየው ሁለት ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ ሲሰላ 840 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ይመጣል። በገበያ ላይ የሚገኙት አብዛኞቹ እውነተኛ የዚህ መጠን ባትሪዎች የሚይዙት ቢበዛ 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት አካባቢ ስለሆነ፣ ከዚያ በእጅጉ የሚበልጥ ቁጥር የተጻፈበትን ባትሪ አለመግዛት ይሻላል። ከዚያ ወዲህ ባትሪ ልንገዛ ስንሄድ ሚዛኑን በቦርሳ ይዘን እንሄዳለን፤ ከ40 ግራም በታች የሆነውን አንገዛም። አንዳንድ ነጋዴዎች መጀመሪያ ይገረሙ ነበር፤ አሁን ግን ከእነርሱ አንዱ ባትሪ ሲያስመጡ ቀድመው በራሳቸው ሚዛን እየመዘኑ እንደሚረከቡ ነግረውኛል።

እግረ መንገዴን፣ የላፕቶፕ ባትሪ መክፈትን ለተማሪ እንዳትተዉ አደራ እላለሁ፤ የብረቱ ቢላዋ ሁለቱን ጫፎች ካገናኘ ቃጠሎ ይነሣል። ይህን የማደርገው እኔ ነኝ፣ ከቤት ውጭ፣ አሸዋ አጠገቤ አስቀምጬ።

እያንዳንዱ ባትሪ አሁን ቁጥርና የራሱ ካርድ አለው፤ ቻርጅ የተደረገበት ቀን፣ የተለካው አቅምና የወጣበት ሮቦት ይጻፍበታል። ለክረምት እረፍት ስንዘጋም ሙሉውንም ባዶውንም አናስቀምጥም፤ እያንዳንዱን ወደ 3.8 ቮልት አድርሰን እንደረድራለን፣ ምክንያቱም ባዶ ሆኖ የከረመ ሊቲየም ባትሪ መስከረም ላይ ሲነሣ የማይመለስ ሆኖ ይገኛል። ይህን ካርድ ከመጀመራችን በፊት በየዓመቱ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ባትሪዎች እንደገና እንገዛ ነበር፤ ባለፈው ዓመት የገዛነው ሁለት ብቻ ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ እኛ ግንቦት ላይ ያጸደቅነው በጀት በእጃችን ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሮቦት ዕቃ የሚመጣው ሁሉ ከውጭ ነው፤ 10 ዶላር የሚያወጣ ሴንሰር በባንክ ሒሳብ 570 ብር የነበረው ከ1,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። የዓመቱ ዝርዝራችን የነበረበት ገጽ ላይ ያለው ገንዘብ ከዕቃው ግማሽ ብዙም የማይበልጥ ነገር የሚገዛ ሆኖ ቀረ። ልጆቹ መስከረም ላይ ሲመለሱ በደስታ የሞሉትን ዝርዝር እንዴት ቆርጬ እንደምሰጣቸው ጨንቆኝ ነበር።

ያደረግነው ዝርዝሩን በሦስት ፊደል መክፈል ነው። ሀ ማለት ያለ እርሱ ሮቦቱ የማይንቀሳቀስ፣ ለ ማለት ያለ እርሱ ሮቦቱ ቢንቀሳቀስም ለውድድር የማይበቃ፣ ሐ ማለት ቢኖር መልካም የሆነ ነው። እያንዳንዱ ልጅ የጠየቀውን ዕቃ ፊደል ራሱ እንዲሰጥ፣ ከዚያም በጓደኞቹ ፊት እንዲከራከርለት አደረግን። ክርክሩ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ወሰደ። አንድ ልጅ በሀ ያስገባውን ባለ ቀለም ስክሪን በራሱ ጊዜ ወደ ሐ አውርዶ፣ «ይህ ለማሳያ ነው፤ ሮቦቱ ሰው እንዲያየው አይደለም የሚሠራው» አለ። እኔ ስክሪኑን ሰርዤ ብሰጠው ኖሮ ለዓመቱ ሙሉ ቅር ብሎት ይኖር ነበር ብዬ አምናለሁ። በተጨማሪም በእያንዳንዱ ዕቃ ትይዩ «ምትክ» የሚል ዓምድ አወጣን፤ የተባለው ዕቃ ቢጠፋ ወይም ቢወደድ በምን እንሠራለን የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ መልስ እንዲያገኝ ነው።

ከዚያ ዓመት ወዲህ ሁለት ልማዶች ጸንተዋል። የመጀመሪያው፣ ከጠቅላላው በጀት አንድ አምስተኛው እስከ መጋቢት ድረስ አይነካም፤ ውድድር በሚቃረብበት ጊዜ የሚቃጠለው ሰሌዳና የሚሰበረው የማርሽ ጥርስ ገንዘብ የሚያገኘው ከዚያ ነው። ሁለተኛው፣ ገንዘቡ እንደ ገባ የማያረጁትን ዕቃዎች፣ ማለትም ብሎን፣ ሞተር፣ የአሉሚኒየም ጠፍጣፋና ጎማ በአንድ ጊዜ እንገዛለን። ብር ሲቀመጥ የመግዛት አቅሙ ይቀንሳል፣ ብሎን ግን ብሎን ሆኖ ይቆያል። ባትሪ ሳይጠቀሙበትም ስለሚያረጅ በዚህ ውስጥ አይገባም፤ የሚገዛው ለውድድር ሁለት ወር ሲቀረው ነው።

ስለ ግዢው ሥርዓት አንዳንድ ወላጆች «ለዚህች ዕቃ ሦስት ፕሮፎርማ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። በእርግጥ ለትንሽ ዕቃ አንሰበስብም፤ ግን ሞተርና ሰሌዳ በብዛት ስንገዛ ልጆቹ ከሦስት ሱቅ ዋጋ ይዘው እንዲመጡ አደርጋለሁ፤ ጥቅሙም ከዋጋው በላይ ነው። በአንድ ወቅት ሁለት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ሦስቱን ፕሮፎርማ ይዘው ሲመጡ፣ ዝቅተኛ የመሰለው ዋጋ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ያልተጨመረበት ሆኖ ተገኘ፤ ሲጨመርበት ከመካከለኛው በለጠ። ሌላው ደግሞ «ለሦስት ቀን የሚጸና» የሚል ማሳሰቢያ ነበረው፤ የድጋፍ ገንዘቡ እስኪለቀቅ ድረስ ሦስት ሳምንት ስለሚፈጅ ያ ፕሮፎርማ ለእኛ ምንም ማለት አልነበረም። ደረሰኝ የማይሰጥ ሱቅ ዋጋ ቢቀንስም አንገዛም። አንድ ጊዜ ከአንድ ደጋፊ ያገኘነው ገንዘብ ሲወራረድ፣ ያለ ደረሰኝ የገዛነውን ዕቃ ዋጋ ከኪሴ ከፍዬ አውቃለሁ፤ የከፈልኩት ገንዘብ ይቅርና፣ ልጆቹ «ቲቸር በእኛ ምክንያት ከፈለ» ብለው የተሰማቸው ኀፍረት ከብዶኝ ነበር።

የዋጋ ንጽጽር ሲባል የዕቃውን ባሕርይም ማየት ያስፈልጋል። ያ አምስት ሆኖ የተገኘው ኤል 298 ኤን ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ሲያልፍ ወደ 2 ቮልት ያህል በሙቀት ይባክናል። ባትሪው 7.4 ቮልት ሲሰጥ ሞተሩ የሚደርሰው 5.4 ገደማ ነው። ቲቢ 6612 የሚባለው ሰሌዳ ጥቂት ወደድ ቢልም ብክነቱ በጣም አነስተኛ ነው፤ በአንድ መስመር ያለማቋረጥ የሚሸከመው 1.2 አምፔር ስለሆነ ግን ለትልልቅ ሞተር አይሆንም። ልጆቹ ሁለቱን በአንድ ዓይነት ባትሪ አሂደው የሠሩበትን ጊዜ አነጻጸሩ፤ ለሚኒ ሱሞው ሁለተኛውን፣ ለጭነት ተሸካሚው የመጀመሪያውን መረጡ። ምርጫው ከነምክንያቱ በሮቦቱ ገጽ ላይ ተጽፏል።

ከሁሉ የከበደኝ ጉዳይ የተማሪዎች መዋጮ ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱ ልጅ በየወሩ እኩል እንዲያዋጣ አድርገን ነበር። በኅዳር ወር አንድ ጎበዝ ልጅ መምጣት አቆመ። በኋላ እናቱ መጥተው ሲያነጋግሩኝ፣ ወሩ ሲደርስ ብር መጠየቅ አፍሮ እንደቀረ ተረዳሁ። ይህን ሳላስብ በመቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ በኋላ የወር መዋጮውን አስቀረነውና በዕቃ ማዋጣትም እንዲቻል አደረግን። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚሄድ ልጅ ከአሮጌ ፕሪንተር ሞተር፣ ለስላሳ የብረት ዘንግና ቀበቶ ያመጣል፤ ሌላው ከጎረቤት የተበላሸ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ለምኖ ያመጣል። ዕቃው ከተፈተሸ በኋላ በገበያ ዋጋ ተገምቶ በልጁ ስም ገቢ ይሆናል። ያ ልጅ ተመልሶ መጣ፤ በዚያ ዓመት ከፍተኛው ገቢ የተመዘገበውም በእርሱ ስም ነበር፤ ያመጣቸው አራት የፕሪንተር ሞተሮች ሦስቱ አሁንም ሥራ ላይ ናቸው።

ከውጭ የሚመጣ ዕቃም የራሱ ጣጣ አለው። የአንዲት ተማሪያችን አክስት ከዱባይ ሲመጡ ባትሪ እንዲያመጡልን ስንለምን፣ ልጆቹ አስቀድመው የኃይሉን መጠን አስልተው በወረቀት ጻፉላቸው። 7.4 ቮልት በ2.2 አምፔር ሰዓት ሲባዛ 16 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ የአየር መንገዶች ደንብ በእጅ ሻንጣ የሚፈቅደው እስከ 100 ዋት ሰዓት ስለሆነ ችግር የለውም፤ ሆኖም መለዋወጫ ባትሪ ከታች በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ ጫፎቹም በፕላስተር መሸፈን አለባቸው። እኚህ ሴት ወረቀቱን ይዘው ነው ፍተሻውን ያለፉት። በሌላ ጊዜ ግን ከአንድ ደጋፊ የተላከልን የሮቦት ሳጥን ደረሰን፤ ያማረ ነበር፣ ባትሪው ግን በማጓጓዣ ምክንያት ወጥቶ ቀርቷል፤ የሚገጥምለት ባትሪና ቻርጀር ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ፈልገን አጣን። ሳጥኑ ሰባት ወር ተቀመጠ። ፈርስት ግሎባል የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ዋሺንግተን ዲሲ ላይ የተጀመረው የወጣቶች ውድድር ለየአገሩ ቡድን ተመሳሳይ የዕቃ ሳጥን እንደሚሰጥ ሳነብ ይህን አስባለሁ፤ ሳጥኑ አንድ ዓይነት ቢሆንም፣ ብሎን ሲጎድል ከሚቀጥለው ሱቅ የሚገዛ ቡድንና ብሎኑን ሦስት ወር የሚጠብቅ ቡድን እኩል አይሆኑም። አሁን ማንም ድጋፍ ሲያቀርብልን ደስታችንን ገልጸን የምንጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ባትሪውና መለዋወጫው ከየት ይገኛል?» የሚል ነው።

መዝገቡን ለተማሪዎች ያስረከብኩት በአራተኛው ዓመት ነው። እስከዚያ ድረስ ቁልፉም ብዕሩም በእኔ እጅ ነበር፤ እኔ በሌለሁበት ቀን ሥራ ይቆማል፣ ስቸኩል ደግሞ ሳልጽፍ እሰጣለሁ። ባትሪ የመዘነችውን ልጅ ንብረት ያዥ፣ አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ደግሞ ገንዘብ ያዥ አድርገን መረጥን፤ ገንዘቡ በትምህርት ቤቱ በኩል ይቀመጣል፣ ወጪ ሲደረግ ግን የገንዘብ ያዡ ፊርማ ከእኔ ፊርማ ጋር መኖር አለበት። በሁለተኛው ሳምንት ለ9ኛ ክፍል ስለ ድምፅ ነጸብራቅ ላስተምር ስል ከሳጥኑ የርቀት ሴንሰሩን አንሥቼ ሄድኩ። ስመለስ ልጅቷ በሩ ላይ መዝገቡን ዘርግታ ቆማ አገኘኋት። በትሕትና፣ ዓይኗን ግን ሳትሰብር፣ «ቲቸር፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ፤ የሄዱበትን ሰዓት ጽፌዋለሁ» አለችኝ። ፈረምኩ። የቡድኑ ልጆች ሁሉ ቆመው ያዩ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይፈርም ዕቃ የወሰደ ልጅ አላየሁም።

ዓመታዊ ቆጠራ የምናደርገው ሰኔ ውስጥ፣ ሮቦቶቹን ፈታተን ተመላሹን ሁሉ ወደ ቦታው ከመለስን በኋላ ነው። ሮቦት መፍታት ለልጆቹ ቀላል አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ የደከሙበትን ነገር ብሎን በብሎን ሲያወልቁ ዓይናቸው እንባ የሚያቀርር አሉ። በየዓመቱ አንዱን ብቻ በድምፅ መርጠን ሳይፈታ እንዲቀመጥ እናደርጋለን፤ የሌሎቹ ሞተርና ሰሌዳ ለሚቀጥሉት ልጆች ነው። ባለፈው ሰኔ ንብረት ያዣችን 12ኛ ክፍልን ስለጨረሰች ሥራውን ለአንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ልታስረክብ ቀረበች። እርሷና እኔ ቆጠራውን ከአንድ ቀን በፊት ጨርሰን፣ ሚዛኑን፣ ሃያ ሁለት ሞተሮችን፣ ዘጠኝ ሰሌዳዎችን፣ ባትሪዎቹን ከነካርዳቸው፣ የብሎን ጉድጓዶቹን ሁሉ ጽፈን አዘጋጅተን ነበር። የቀረው ፊርማ ብቻ ነበር። ልጁ ብዕሩን ተቀብሎ ገጹን እያየ ቆየና ወደ እኔ ዞሮ፣ «ቲቸር፣ ሳልቆጥር እንዴት እፈርማለሁ?» አለ። እርሷ ሳቅ ብላ ቦርሳዋን አስቀመጠችና ሚዛኑን ከሳጥኑ አወጣች። ከጉድጓድ ቁጥር አንድ ጀመሩ። እስከ 11 ሰዓት ተኩል ቆጠሩ፤ አንድ የመልቲሜትር ገመድ ጎድሎ ተገኘ፣ እርሱም ሳይፈታ በተቀመጠው ሮቦት ሥር ተጠቅልሎ ነበር።